አሮጌ የጠብታ መስኖ ቱቦን አቅልጦ እንደገና ስለመሥራት፤ የትኛው ፕላስቲክ ከየትኛው ጋር ይዋሐዳል?

በሰሜን ወሎ ዞን በራያ ቆቦ ቆላማ ሜዳ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳን ማጠጣት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ጥበብ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ በፓምፕ የሚሳበው የከርሰ ምድር ውሃ በጠብታ መስኖ ጭምር ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለመሳሰሉት ሰብሎች እንዲውል ተደርጓል። ጎርፍ ለመጥለፍ አፈር፣ ድንጋይና የሰው ጉልበት ይበቃል፤ ጠብታ መስኖ ግን ያለ ፕላስቲክ አይሆንም። ፕላስቲክ ደግሞ ዕድሜ አለው። ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ጨውና ደለል የጠብታውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ አይጥ ይቀረጥፈዋል፤ ማረሻ ይቆርጠዋል። በመጨረሻም ተጠቅልሎ ከማሳው ዳር ይቀመጣል።

ይህን ጥቁር ቱቦ ከባዶ ሃይላንድ፣ ከፌስታል፣ ከማዳበሪያ ጆንያና ከተሰበረ ሳፋ ጋር አንድ ላይ አቅልጦ አዲስ ቱቦ መሥራት ይቻላል ወይ? ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ጥያቄውን ለሚያነሱ ሁለት ዓይነት ተገልጋዮች ነው። አንደኞቹ በማኅበር ተደራጅተው በፕላስቲክ መልሶ መጠቀም ሥራ ለመሰማራት የሚያስቡ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ በቅናሽ ዋጋ የሚቀርብላቸውን ዳግም የተሠራ ቱቦ ለመግዛት የሚያመነቱ የመስኖ ተጠቃሚ አርሶ አደሮች ናቸው። አጭሩ መልስ የሚከተለው ነው። አሮጌውን የጠብታ ቱቦ ታጥቦና ተለይቶ ብቻውን አቅልጦ መሥራት ይቻላል፤ ያገኙትን ሁሉ ቀላቅሎ ውሃ በግፊት የሚያልፍበት ቱቦ መሥራት ግን አይቻልም። ምክንያቱን ማወቅ ለሁለቱም ወገኖች ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚታየው ቱቦው ከማሽን ሲወጣ ሳይሆን በበጋው ወራት ሽንኩርቱ ራስ በሚይዝበት ሳምንት መስመሩ ሲፈነዳ ነው። ያን ጊዜ የፓምፑ ወጪ ወጥቷል፤ ዘሩና ማዳበሪያው መሬት ውስጥ ነው፤ ሌላ ቱቦ እስኪመጣ ድረስ ተክሉ አይጠብቅም።

ፕላስቲክ አንድ ነገር አይደለም

በቤትና በማሳ የምናያቸው ፕላስቲኮች በመልክ ቢመሳሰሉም በተፈጥሯቸው የተለያዩ ናቸው። የጠብታ መስኖ የጎን ቱቦ፣ ፌስታል፣ ቢጫው ጀሪካንና ሮቶ የሚሠሩት ከፖሊኤቲሊን ነው። የእህልና የማዳበሪያ ጆንያ፣ አብዛኛው የፕላስቲክ ወንበርና በርካታ የቱቦ ማያያዣዎች ከፖሊፕሮፒሊን ይሠራሉ። ግራጫው ወይም ነጩ ደረቅ ዋና የውሃ መስመርና ኮንጎ ጫማ ከፒቪሲ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ደግሞ ከፔት ይሠራል። እንዲያውም አንድ ሃይላንድ ብቻውን ሦስት ነገር ነው። አካሉ ፔት፣ ክዳኑ በአብዛኛው ፖሊኤቲሊን፣ ዙሪያውን የለበሰው ስስ መለያ ደግሞ ሌላ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ሃይላንድን እንዳለ ፈጭቶ ማሽን ውስጥ የከተተ ሰው ሳያውቀው ቅይጥ እየሠራ ነው።

እነዚህ ፕላስቲኮች የሚቀልጡበት ሙቀትም ይለያያል። የፌስታልና የጠብታ ቱቦ ፖሊኤቲሊን ከ105 እስከ 125 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ የጀሪካኑ 130 ገደማ፣ ፖሊፕሮፒሊን 160 እና ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀልጣል። ፔት ግን እስከ 250 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም። የፖሊኤቲሊን ቱቦ የሚያወጣ ማሽን በአብዛኛው በ200 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሠራ፣ በውስጡ የገባ የሃይላንድ ስባሪ እንደ ጠጠር ሳይቀልጥ አብሮ ይፈስሳል። ግድግዳው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ባለው ቱቦ ውስጥ አንድ የፔት ስባሪ ተሰክቶ ሲቀር፣ ውሃው ውሎ አድሮ የሚወጣበት ቀዳዳ ቦታው ያ ነው።

ፒቪሲ ከዚህ የባሰ ጠባይ አለው። ሙቀት ሲበዛበት ይፈርስና ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ የሚያቃጥል ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። የሠራተኛውን ሳንባና ዓይን ይጎዳል፤ የማሽኑን ብረት ይበላል። በፔት ውስጥ ከአሥር ሺህ አንድ ክፍል የሚሆን ፒቪሲ መግባቱ እንኳ የፔቱን ጥራት ለማበላሸት ይበቃል። ስለዚህ የዋናው መስመር የፒቪሲ ስብርባሪ ከሌላ ፕላስቲክ ጋር በምንም ምክንያት አብሮ መቅለጥ የለበትም። ክፍት ቦታ ላይ ማቃጠልም እንደዚሁ አይፈቀድ።

ለምን አይዋሐዱም?

የጤፍና የማሽላ ዱቄት በአንድ ቡኮ ተዋሕደው መልካም እንጀራ ይወጣቸዋል። የቀለጠ ቅቤና ውሃ ግን የቱንም ያህል ቢመቱ ጥቂት ቆይተው ይለያያሉ። ፕላስቲኮችን አንድ ላይ ማቅለጥ በአብዛኛው የሚመስለው ሁለተኛውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ሁለቱም ከካርቦንና ከሃይድሮጂን ብቻ የተሠሩ፣ ለእጅ ተመሳሳይ የሚመስሉ፣ ሁለቱም ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሆኖም አይዋሐዱም። ምክንያቱ የፕላስቲክ ሞለኪውል እንደ ውሃ ወይም እንደ አልኮል ትንሽ ቅንጣት ሳይሆን እንደ ፈትል እጅግ ረጅም መሆኑ ነው። ትናንሽ ቅንጣቶች ሲቀላቀሉ እያንዳንዳቸው በፈለጉበት ስለሚዘዋወሩ መቀላቀሉ ይቀናቸዋል። ረጃጅም ፈትሎች ግን በሺዎች የሚቆጠሩ አካሎቻቸው እርስ በርስ የታሰሩ ስለሆኑ በመቀላቀል የሚያገኙት ነጻነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በመካከላቸው ያለው ትንሽ አለመስማማት እንኳ በፈትሉ ርዝመት ልክ ተባዝቶ ይለያያቸዋል።

ተለያይተው ሲረጉ አንደኛው ባሕር፣ ሌላኛው በባሕሩ ውስጥ እንደ ደሴት የተበተነ ጠብታ ይሆናል። በጠብታውና በባሕሩ መካከል ያለው ድንበር የላላ ነው። ቱቦው ሲታጠፍ ወይም ውሃ ሲገፋው ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ድንበር ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ በቢላ ተቆርጦ ጠርዙ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንብርብር የሚነሳበት ጊዜ አለ።

ሁሉም ፖሊኤቲሊኖች ግን እርስ በርስ ባዕድ አይደሉም። የፌስታልና የጠብታ ቱቦ ዓይነት ለስላሳ ፖሊኤቲሊኖች ይስማማሉ፤ እንዲያውም የጠብታ ቱቦ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያውም ከሁለቱ ዓይነቶች ቅይጥ ይሠራል። የጀሪካን ፖሊኤቲሊን ከእነርሱ ጋር ሲቀላቀል በሚረጋበት ጊዜ በከፊል ለብቻው ቢቋጠርም ድንበሩ የላላ አይሆንም፤ ቱቦው ጠጠር ይላል እንጂ አይላጥም።

አፈሳሰስ፤ የዳቦ ሊጥና የእንጀራ ሊጥ

ዝርያቸው አንድ የሆኑ ፕላስቲኮችም ቢሆኑ አፈሳሰሳቸው ካልተቀራረበ መልካም ቅይጥ አይወጣቸውም። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሲሆን፣ በእኛ አስተያየት ከመለየት ቀጥሎ ከፍተኛውን ትኩረት የሚሻ ነው።

የቀለጠ ፕላስቲክ አፈሳሰስ የሚለካው አይኤስኦ 1133 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ነው። ፖሊኤቲሊን በ190 ዲግሪ ሙቀት ቀልጦ፣ 2.16 ኪሎ ግራም ክብደት ከላይ እየተጫነው፣ ስፋቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ግራም እንደሚወጣ ይመዘናል። ለፖሊፕሮፒሊን ሙቀቱ 230 ዲግሪ ይሆናል። ለቱቦና ለጀሪካን የሚሆን ፕላስቲክ በዚህ ልኬት በአብዛኛው ከአንድ ግራም በታች ይወጣል፤ ሳፋና ወንበር የሚሠራበት ግን አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ግራም ይፈስሳል።

ልዩነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ቱቦ ከማሽኑ አፍ ሲወጣ ገና ትኩስ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ እስኪረጋ ድረስ ክብነቱን መጠበቅ አለበት። ስለዚህ እንደ ዳቦ ሊጥ ጠንከር ያለ መሆን ይገባዋል። ሳፋ የሚሠራበት ደግሞ ስስ በሆነ ቅርጽ ውስጥ እስከ ጠርዝ በፍጥነት መድረስ ስላለበት እንደ እንጀራ ሊጥ መቅጠን አለበት። የእንጀራ ሊጥ ለዳቦ፣ የዳቦ ሊጥ ለምጣድ አይሆንም።

ሁለቱ አንድ ላይ ማሽን ውስጥ ሲገቡ ምን ይሆናል? እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጂ. አይ. ቴይለር በ1934 እ.ኤ.አ. በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ያለ የሌላ ፈሳሽ ጠብታ እንዴት እንደሚለጠጥና እንደሚበጠስ መርምሮ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች እንዳረጋገጡት፣ የጠብታው ዝልግልግነት በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ከአራት እጥፍ ገደማ ከበለጠ፣ በተራ ሸርታቴ ፍሰት ውስጥ ጠብታው አይበጠስም፤ ባለበት እየተሽከረከረ ይሄዳል። ስለዚህ ወፍራሙ የጀሪካን ፕላስቲክ በቀጭኑ የሳፋ ፕላስቲክ ውስጥ እንደ ቡኮ እብጠት ሳይሟሽሽ ይቀራል፤ ማሽኑን ደጋግሞ ማዞርም ብዙ አይረዳም። ነገሩ ሲገለበጥ፣ ማለትም ጥቂት ቀጭን ፕላስቲክ በብዙ ወፍራም ውስጥ ሲገባ፣ መበጣጠሱ ይቀልላል፤ ነገር ግን ቀጭኑ በቀላሉ የሚንሸራተትበትን መንገድ ስለሚፈልግ ወደ ማሽኑ ግድግዳ ይሸሻል። ቱቦው ከላይ የሚያብረቀርቅና ለዓይን የሚማርክ ስስ ቆዳ ይለብሳል። ገዢውን የሚያታልለው አንዳንዴ ይኸው ውበት ነው።

ፀሐይም የራሷን ሥራ ትሠራለች። በቆላ ፀሐይ ለዓመታት የተቃጠለ የፖሊፕሮፒሊን ጆንያ ፈትሎቹ ይቆራረጣሉ፤ ለዚህ ነው በእጅ ሲጨበጥ እንደ ገለባ የሚደቅቀው፤ ሲቀልጥም እንደ ውሃ ይቀጥናል። ፖሊኤቲሊን ግን ሲያረጅና ደጋግሞ ሲቀልጥ በከፊል እርስ በርሱ ይተሳሰራል፤ አፈሳሰሱ ይዘገያል፤ በቱቦው ላይም ጠንካራ ጉብታዎች ይታያሉ። ሁለቱ ያረጁት በተቃራኒ አቅጣጫ ነውና አዲስ ሳሉ ያልተስማሙት አርጅተው ይበልጥ ይራራቃሉ። ጥሩ የጠብታ ቱቦ ጥቁር የሚሆነውም ለጌጥ አይደለም። ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ ጥቂት ከፍ የሚል የካርቦን ጥላሸት በውስጡ በእኩል ተበትኖ ፀሐይን እንዲከላከልለት ነው። ጥላሸቱ በእኩል ካልተበተነ ቱቦው ጥቁር ቢመስልም ከፀሐይ አልዳነም።

አስማሚ ንጥረ ነገርስ?

የማይዋሐዱ ፕላስቲኮችን የሚያስማማ ንጥረ ነገር በዓለም ገበያ አለ። ሥራው በሁለቱ ድንበር ላይ ቆሞ አንድ እጁን ለአንዱ፣ ሌላ እጁን ለሌላው እንደሚሰጥ ሽማግሌ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኮርኔልና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከሁለቱም ዓይነት ቁራጭ የተገጣጠመ ሞለኪውል ሠርተው፣ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ በመጨመር የፖሊኤቲሊንና የፖሊፕሮፒሊን ቅይጥ እንዳይሰበር ማድረግ መቻላቸውን ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ግኝቱ ትልቅ ነው። በወረዳ ደረጃ ለሚጀመር አነስተኛ ሥራ ግን ከውጭ በውድ ዋጋ ከሚገባ አስማሚ ይልቅ በውሃ ገንዳ መለየት ይረክሳል፤ ውጤቱም ይበልጥ የታመነ ነው።

በውሃ መለየት

ልዋጩና ቆራሌው የሰበሰቡትን ሁሉ በአንድ ጆንያ ቢያመጡም መለየቱ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ በዕቃው ላይ በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ካለ ይታይ። 1 ፔት፣ 2 ጠንካራው ፖሊኤቲሊን፣ 3 ፒቪሲ፣ 4 ለስላሳው ፖሊኤቲሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን ነው። ቁጥር የሌለው ተቆርጦ ንጹሕ ውሃ ባለበት በርሜል ውስጥ ይጨመርና በደንብ ይማሰል። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀልሉ ይንሳፈፋሉ፤ ፔትና ፒቪሲ ይሰምጣሉ። የተፈጨ ሃይላንድ በዚህ መንገድ ክዳኑ ከላይ፣ አካሉ ከታች ሆኖ ይለያያል። ጠመኔ መሰል ማዕድን በብዛት የተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊንም ሊሰምጥ እንደሚችል፣ አየር የያዘ የፔት ስባሪም ለጊዜው ሊንሳፈፍ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ውሃ የማይለያቸውን ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ግን የዕቃው ዓይነት ይለያቸዋል። የጠብታ ቱቦ ለብቻው፣ ጆንያ ለብቻው፣ ጀሪካን ለብቻው መሰብሰቡ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። የጠብታ ቱቦው ከመፈጨቱ በፊት የፖሊፕሮፒሊን ማያያዣዎቹ፣ የጎማ ቀለበቶቹና ሽቦው ይነሱ። በውስጡ የተጋገረው ደለልና ጨው በደንብ ይታጠብ፤ ከዚያም ይድረቅ። አሸዋ የማሽኑን ብሎን ይበላል፤ እርጥበት ደግሞ በቱቦው ግድግዳ ውስጥ አረፋ ይፈጥራል።

ለይቶ መሰብሰብ የማይቻለው ቅሪት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ኩቢክ የተባለው ድርጅት ከፕላስቲክ ቆሻሻ የግንባታ ግብዓት እንደሚያመርት ሁሉ፣ ውፍረት ያላቸውና የውሃ ግፊት የማይሸከሙ ዕቃዎች ከቱቦ ይልቅ ቅይጥን ይታገሣሉ። ፒቪሲ ግን ከዚህም ቢሆን መለየት አለበት።

ስለ ፌስታል አንድ ነገር እናክል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሱ ከረጢቶችን የሚመለከት ገደብ አስቀምጦ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ደግሞ በፕላስቲክ ከረጢት ላይ ክልከላ ጥሏል። ስለዚህ ፌስታልን ዋና ጥሬ ዕቃ አድርጎ የሚነደፍ የሥራ ዕቅድ ብዙ የሚያዛልቅ አይመስልም።

ቱቦ ለሚገዙ

ዳግም የተሠራ ቱቦ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ሻጩ ጥሬ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ደረጃ እንደተሠራና የሚችለው ግፊት ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገልጽ ይጠየቅ። ለመስኖ የሚውሉ የፖሊኤቲሊን ቱቦዎች ደረጃ አይኤስኦ 8779፣ የጠብታ ቱቦዎች ደግሞ አይኤስኦ 9261 ነው። በቱቦው ላይ የተጻፈው ግፊት በአብዛኛው በ20 ዲግሪ ሙቀት የተሰላ መሆኑንም ያስታውሱ። ሙቀቱ 40 ሲደርስ የፖሊኤቲሊን ቱቦ የሚሸከመው ከአራት ሦስት እጅ ገደማ ብቻ ነው፤ በቆቦ ሜዳ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ቱቦ ደግሞ ከአየሩም ይበልጥ ይሞቃል።

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ቁራጭ ቆርጠው ይመልከቱ። ቁራጩ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል ወይ? የተቆረጠው ፊት ዥንጉርጉር ወይም ጠጠራማ ነው ወይስ አንድ ዓይነት? ጠርዙ በጥፍር ሲፋቅ ይላጣል? ደጋግሞ ሲታጠፍ ይነጣል ወይም ይሰነጠቃል? ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቱቦው ርካሽ ስለሆነ ብቻ መውሰድ አይመከርም። ከገዙም በኋላ የፒቪሲ ማጣበቂያ በፖሊኤቲሊን ቱቦ ላይ እንደማይሠራ፣ ሁለቱን ለማገናኘት በመካኒካል ማያያዣ መጠቀም ግድ እንደሆነ ይወቁ።

በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የተቋቋሙ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አባላት በጋራ ሲገዙ ለፍተሻ የሚወጣው ወጪ ለእያንዳንዱ አባል ይቀልላል። የፍተሻ አገልግሎት ከሚሰጡት መካከል የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ይገኛል። ናሙና ሲላክ ከአንድ ጥቅል ጫፍ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ተቆርጦ፣ በየቁራጩ ላይ ከየት እንደተወሰደ ተጽፎ ይላክ፤ በሚገባ ያልተዋሐደ ቅይጥ በአንድ ጥቅል ውስጥ እንኳ ከሜትር ሜትር ይለያያልና።